ካርዱ የዶላር፣ ዋጋው የድርሃም፦ በውጭ አገር በካርድ ሲከፈል የሚመነዝረው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «ገላን አካባቢ የቤት ማጠናቀቂያ ዕቃ እሸጣለሁ። በቅርቡ ዱባይ ሄጄ ለናሙና የገዛኋቸውን የመታጠቢያ ቤት ዕቃዎች ሂሳብ 4,200 ድርሃም ባንኬ ዶላር በሞላልኝ ካርድ ከፈልኩ። ማሽኑ በድርሃም ወይስ በዶላር ብሎ ሲጠይቀኝ ካርዴ የዶላር ስለሆነ፣ ለምንዛሪ እንዳይቆረጥብኝ ብዬ ዶላርን መረጥኩ። ከካርዴ የወጣው 1,203 ዶላር ከ44 ሳንቲም ነው። አብሮኝ የነበረ የለቡ ነጋዴ ግን ከዚያው ሱቅ፣ ከዚያው ባንክ ባወጣው ካርድ ያንኑ ያህል ሂሳብ በድርሃም ከፍሎ የወጣበት 1,146 ዶላር ገደማ ነው። ባንኩ ደግሞ ከሁለታችንም ላይ የውጭ ግብይት አገልግሎት ክፍያ ለብቻው ቆርጧል። ስጠይቃቸው ‹ልዩነቱን እኛ አልወሰድነውም› አሉኝ። ታዲያ የወሰደው ማን ነው? ከእንግዲህ ጥሬ ዶላር ይዤ ብሄድ አይሻልም?»

ባንክዎ የነገረዎት ትክክል ነው፤ ልዩነቱ ወደ እሱ አልገባም። ከ57 ዶላር በላይ የሆነውን ብልጫ የተካፈሉት ለሱቁ የክፍያ ማሽኑን የሰጠው የዱባይ ባንክ፣ የምንዛሪ ስሌቱን የሚያቀርብለት ድርጅትና ብዙ ጊዜም ሱቁ ራሱ ናቸው። ይህንንም ያደረጉት ተደብቀው አይደለም፤ ጠይቀውዎት፣ እርስዎም ቁልፍ ተጭነው ፈቅደውላቸው ነው። ስለዚህ ስርቆት ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ ጥያቄው የሚቀርብበት መንገድ ሰውን ወደ ውዱ መልስ የሚገፋ መሆኑ አይካድም፤ ሂሳብ የሚያውቅ ነጋዴ ሳይቀር የሚታለለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የእርስዎ ግምት «ካርዴ የዶላር ከሆነ ዶላር ስመርጥ ምንዛሪ የለም» የሚል ነበር። ሱቁ ግን ዋጋውን የተመነው በድርሃም ነው፤ በመጨረሻም እጁ የሚገባው ድርሃም ነው። ካርድዎ ላይ ያለው ዶላር በመሆኑ በመካከል አንድ ጊዜ መመንዘሩ አይቀርም። ዶላርን ሲመርጡ ምንዛሪውን አላስቀሩትም፤ መንዛሪውን ብቻ ቀየሩ። ድርሃምን ቢመርጡ ኖሮ ሂሳቡ በድርሃም እንዳለ ወደ ቪዛ ወይም ወደ ማስተርካርድ ሄዶ፣ የካርድ ድርጅቱ በዕለቱ ተመን ወደ ዶላር ለውጦ ለባንክዎ ያሳውቅ ነበር። ዶላርን ስለመረጡ ግን ሥራውን የሱቁ ባንክ እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ራሱ ባወጣው ተመን ጨረሰው። የክፍያ ባለሙያዎች ይህን አሠራር ዳይናሚክ ከረንሲ ኮንቨርዥን፣ ባጭሩ ዲሲሲ ይሉታል። የሚጨምረው ብልጫ ብዙውን ጊዜ ከ3 በመቶ ይጀምራል፤ በአንዳንድ ኤቲኤሞች ላይ ከ10 በመቶ ሲያልፍም ይታያል። የካርድ ድርጅቶቹ ተመን በአንጻሩ ባንኮች እርስ በርስ ከሚገበያዩበት ዋጋ እምብዛም አይርቅም።

ማሽኑ የካርድዎን ገንዘብ ያወቀው ከካርዱ የመጀመሪያ አኃዞች ነው። እነዚያ ስድስት ወይም ስምንት አኃዞች ካርዱን የትኛው አገር የሚገኝ የትኛው ባንክ እንዳወጣው፣ ሂሳቡም በምን ገንዘብ እንደሚወራረድ የሚያመለክቱ በመሆናቸው ካርዱ ማሽኑ ውስጥ እንደገባ «ይህ ደንበኛ የውጭ ሰው ነው» የሚል መልስ ይመጣል፤ ምርጫውም ወዲያው በስክሪኑ ላይ ይወጣል። በካርድ ድርጅቶቹ ደንብ መሠረት ሻጩ ለደንበኛው የመምረጥ ዕድል መስጠት፣ የሁለቱንም ገንዘቦች መጠን ማሳየት፣ የተጠቀመበትን ተመንና የጨመረውን ብልጫ መግለጽ ይገባዋል፤ በደንበኛው ፋንታ መምረጥም አይፈቀድለትም። አንዳንድ ገንዘብ ተቀባዮች ግን ማሽኑን ወደ ራሳቸው አዙረው አንዱን ቁልፍ ከነኩ በኋላ የሚስጥር ቁጥሩን ለማስገባት ብቻ ያቀርቡልዎታል። ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር አስቀድሞ ዶላር ሆኗል።

እስቲ ደረሰኝዎን አውጥተው ከታች ወዳለው ክፍል ይመልከቱ። ከጠቅላላ ሂሳቡ ቀጥሎ በደቃቅ ፊደል የምንዛሪ ተመን የሚል መስመር ይኖራል፤ 4,200 ድርሃም 1,203.44 ዶላር ከሆነ እዚያ ላይ የተጻፈው 3.49 መሆን አለበት። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ድርሃም ግን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 3.6725 ተብሎ የተቆረጠ ዋጋ አለው፤ ጠዋትና ማታ የሚዋዥቅ ገንዘብ አይደለም። በዚህ ዋጋ 4,200 ድርሃም 1,143.64 ዶላር ይመጣል። የለቡው ጓደኛዎ ከዚህ በሁለት ዶላር ገደማ ብቻ በልጦ ከፈለ፤ ያ የካርድ ድርጅቱ ተመን ልዩነት ነው። እርስዎ በ60 ዶላር ያህል በልጠው ከፈሉ፤ ይህም ከ5 በመቶ በላይ ነው። ከዚሁ መስመር በታች ደግሞ ደንበኛው ምርጫ እንደተሰጠውና የተመረጠው ገንዘብ የመጨረሻ መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ታትሞ ያገኛሉ። ኋላ አቤቱታ ሲቀርብ የሱቁ ባንክ የሚመዘው ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከእኛ አገር ለንግድ፣ ለሥራና ለጸሎት ብዙ ሰው የሚሄድባቸው ሦስት ጎረቤት ወይም ቅርብ አገሮች ገንዘባቸውን ከዶላር ጋር ያሰሩ በመሆናቸው የተጨመረውን ብልጫ በስልክ ማስያ በቅጽበት ማወቅ ይቻላል። ከድርሃሙ ሌላ የሳዑዲ ሪያል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 3.75 ነው፤ የጅቡቲ ፍራንክም እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ 177.721 ነው። እንግዲህ 1,000 ድርሃም 272 ዶላር ከ29 ሳንቲም፣ 1,000 ሪያል 266 ዶላር ከ67 ሳንቲም፣ 10,000 የጅቡቲ ፍራንክ ደግሞ 56 ዶላር ከ27 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ማሽኑ የሚያቀርብልዎት የዶላር ቁጥር ከዚህ በግልጽ ከበለጠ ብልጫው የማን እንደሆነ ያውቃሉ። እንደ ኬንያ ሽልንግና እንደ ቱርክ ሊራ ዋጋቸው ለሚለዋወጥ ገንዘቦች ግን ቪዛም ማስተርካርድም በድረ ገጾቻቸው ላይ የዕለት ተመን ማስያ ስላላቸው ከጉዞ በፊት ስልክዎ ላይ ከፍተው ማስቀመጥ ይበቃል።

ከዶላሩ የባሰ አማራጭም አለ። አንዳንድ ማሽኖች የካርዱን አገር ብቻ አይተው ለኢትዮጵያ ካርድ ብር ያቀርባሉ። አገሩን የናፈቀ ሰው ብር ሲያይ ደስ ሊለው ይችላል፤ ካርዱ ላይ ያለው ግን ዶላር ነው። ብርን ከመረጡ ድርሃሙ በሱቁ ባንክ ተመን ወደ ብር ይለወጥና፣ ያ ብር ደግሞ በካርድ ድርጅቱ ተመን ወደ ዶላር ይለወጣል፤ አንዱ ግዢ ሁለት ጊዜ ተመነዘረ ማለት ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ የሚወሰን ከሆነ ወዲህ ደግሞ አንድ የውጭ ድርጅት ለብር ያወጣው ተመን እዚህ ባንክዎ ከሚሰጠው ጋር የሚቀራረብበት ምክንያት የለም። በውጭ አገር ማሽን ላይ ብር ከታየ ያለማመንታት መተው ነው።

የአገሩን ገንዘብ መምረጥ ሁሉንም ወጪ ያስቀራል ብዬ ግን አልነግርዎትም። ባንክዎ የቆረጠው የውጭ ግብይት አገልግሎት ክፍያ በሁለቱም መንገድ ይቆረጣል፤ ምክንያቱም ክፍያውን የሚያስነሳው ግዢው ከአገር ውጭ መፈጸሙ ነው፣ ሂሳቡ በዶላር መጻፉ ወይም አለመጻፉ ለውጥ የማያመጣበት ባንክ ብዙ ነው። እርስዎ ዶላርን በመምረጥዎ የሱቁን ባንክ ብልጫ ከፍለው የራስዎን ባንክ ክፍያም አላመለጡም። ሁለተኛ፣ በአገሩ ገንዘብ ሲከፈል ትክክለኛው የዶላር መጠን የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሂሳቡ ተጣርቶ ሲያልፍ፣ ማለትም ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ በመሆኑ መጀመሪያ በመልእክት የደረሰዎትና በመጨረሻ የተቆረጠው በጥቂቱ ሊለያዩ ይችላሉ። የዲሲሲ ሻጮች ይህን «እርግጠኛ ያልሆነ ወጪ» እያሉ ያስፈራሩበታል፤ ለጥቂት ሳንቲም እርግጠኝነት ግን 5 በመቶ መክፈል የሚያዋጣ ነገር አይደለም። ሦስተኛውና ለብዙ ተጓዥ ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ከቦሌ ከመነሳትዎ በፊት ያለቀ ነው፦ ባንክዎ ብርዎን ተቀብሎ ዶላሩን ካርዱ ላይ የሞላበት የመሸጫ ተመንና የወሰደው ኮሚሽን። ባንኮች የሚሸጡበት ዋጋ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ሁለት ሦስት ባንክ ማነጻጸር ያዋጣል። ዱባይ ላይ የሚጫኑት ቁልፍ ይህን ወጪ አይለውጠውም።

ኤቲኤም ላይ ጉዳዩ በሌላ መልክ ይመጣል። የገንዘቡን መጠን ካስገቡ በኋላ ማሽኑ «ይህን ተመን ይቀበላሉ ወይስ አይቀበሉም» ብሎ ይጠይቃል፤ የመቀበያው ቁልፍ ጎልቶ፣ አለመቀበያው ደብዝዞ ወይም «ያለ ልወጣ ቀጥል» የሚል ግራ የሚያጋባ ስም ተሰጥቶት ይቀመጣል። ብዙ ሰው «አልቀበልም» ካለ ገንዘቡ የማይወጣ ይመስለዋል። ነገር ግን አለመቀበል የሚመለከተው ተመኑን ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ምንዛሪውንም የካርድ ድርጅቱ ያደርገዋል። ከስንት አንድ ጊዜ ማሽኑ ጥያቄውን በእምቢታ ቢዘጋው ካርዱን ተቀብሎ ወደ ሌላ ባንክ ኤቲኤም መሄድ ነው። የኤቲኤሙ ባለቤት የሚጠይቀው የአገልግሎት ክፍያ ግን ከዚህ የተለየ ስለሆነ ተመኑን አልቀበልም በማለት አይቀርም፤ ባንክዎም ለእያንዳንዱ ወጪ የራሱ ክፍያ ስላለው ደጋግሞ ጥቂት ጥቂት ከማውጣት አንድ ጊዜ የሚበቃውን ማውጣት ይሻላል።

ሆቴልና የመኪና ኪራይ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሲገቡ በሚፈርሙት ቅጽ ውስጥ «ሂሳቡ በካርዱ ባለቤት ገንዘብ ይወራረድ» የምትል ሐረግ ተሰግስጋ ልትገኝ ትችላለች፤ ሲወጡ እርስዎ ካልቆሙበት ሂሳቡ በዚያ ይዘጋል። ስለዚህ በመግቢያው ዕለት ሰርዘው ይፈርሙ። በበይነመረብ ላይ የአውሮፕላን ትኬት ወይም ማረፊያ ሲገዙም ዋጋው የሚታይበትን ገንዘብ ሻጩ ራሱ ከሚያስከፍልበት ገንዘብ ጋር ያስተያዩ። የገዙት ዕቃ ከተመለሰ ደግሞ በዲሲሲ የተከፈለ ሂሳብ በሌላ ቀንና በሌላ ተመን ተመንዝሮ ሊመለስልዎት ስለሚችል የከፈሉትን ያህል ላያገኙ ይችላሉ።

ወደ ኢስታንቡልና ወደ ቻይና ለሚሄዱ ነጋዴዎች ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ላሌሊ ያሉ የልብስ አከፋፋዮች ዋጋውን በዶላር ይነግሩዎታል፤ ማሽኑ ላይ የሚያስገቡት ግን ሊራ ነው። እዚህ ላይ ማሽኑ ምንም ባይጠይቅዎት እንኳ ምንዛሪው በሻጩ አፍ ተፈጽሟል፤ ድርድሩ ሳያልቅ «በሊራ ስንት ይመጣል» ብለው ቁጥሩን በማስያው ካላረጋገጡ በስተቀር የአገሩን ገንዘብ መምረጥ ብቻውን አይጠቅምዎትም። ጓንዡ ወይም ዪዉ ላይ ደግሞ ካርድዎን ከቻይና የስልክ መክፈያ መተግበሪያዎች፣ ከአሊፔይ ወይም ከዊቻት ፔይ ጋር አያይዘው ሲከፍሉ ከ200 ዩዋን በላይ በሆነ ክፍያ ላይ 3 በመቶ ይጨመራል፤ ከዚያ በታች አይጨመርም። ይህ የውጭ ካርድ በመጠቀምዎ የሚጠየቅ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ዲሲሲ ስላልሆነ የገንዘብ ዓይነት በመምረጥ አያመልጡትም፤ ትልቅ ሂሳብ ከሆነ በባንክ ሐዋላ ወይም በሌላ ሕጋዊ የንግድ ክፍያ መንገድ መጨረስ ነው።

ጥሬ ዶላር ይዞ መሄድ መፍትሔ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ፣ ለአጠቃላዩ ወጪ አይደለም የሚል ነው። ዲሲሲን ለማስቀረት አንድ ቁልፍ ይበቃል፤ ጥሬ ገንዘብ ግን ቢጠፋ አይተካም፣ አየር ማረፊያ ላይ ቢመነዝሩት ብዙውን ጊዜ ከካርድ ድርጅቱ ተመን ያነሰ ያገኛሉ፣ ከአገር ሲወጡም ከባንክ የገዙበትን ማስረጃ ይዘው ሕጉ ከሚፈቅደው መጠን ሳያልፉ መሆን አለበት። ከመንገድ ላይ በተገዛ ዶላር ካርድን መተካት ደግሞ ከ57 ዶላር የሚበልጥ ችግር ውስጥ ይከትታል፤ ስለዚህ አይሞክሩት። ለታክሲና ለአነስተኛ ሱቅ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ መያዝ ግን ተገቢ ነው።

ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ለባንክዎ ጥቂት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ከዶላር ውጭ በሆነ ገንዘብ ሲከፈል ስንት በመቶ እንደሚቆረጥ፣ ኤቲኤም ላይ በእያንዳንዱ ወጪ ስንት እንደሚከፈል፣ ካርዱ ላይ የተረፈው ዶላር ሲመለስ በምን ተመን እንደሚወራረድ። ገላን ወይም ለቡ ቅርንጫፍ ላይ ያለች ሠራተኛ ይህን ላታውቀው ትችላለች፤ ብታውቀውም የቃል መልስ ኋላ አያስኬድም። ጥያቄው ለዋናው መሥሪያ ቤት የካርድ ክፍል ይድረስ። እዚያው እግረ መንገድዎን በካርዱ የሚከፈል እያንዳንዱ ሂሳብ በስልክዎ በመልእክት እንዲደርስዎ ያስመዝግቡ።

ምክሬ ያለ ምንም ማመቻመች ይህ ነው፦ በውጭ አገር በካርድ ሲከፍሉ ሁልጊዜ ዕቃው የተተመነበትን የአገሩን ገንዘብ ይምረጡ፤ ዱባይ ላይ ድርሃም፣ ጅዳ ላይ ሪያል፣ ናይሮቢ ላይ ሽልንግ። ካርዱን ከመስጠትዎ በፊት «ድርሃም ብቻ» ብለው ይናገሩ፤ የሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባትዎ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት ድርሃም መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ዶላር ካዩ ቀዩን ቁልፍ ተጭነው ክፍያው እንደገና እንዲጀመር ያድርጉ፤ ሻጩ «ማሽኑ ራሱ ነው የሚመርጠው» ቢልዎት አይቀበሉት። ደረሰኙ ከወጣ በኋላ ካወቁት ደግሞ እዚያው ሳሉ ሂሳቡ እንዲሰረዝና በድርሃም እንደገና እንዲከፈል ይጠይቁ። መሰረዝ የሚቻለው ሱቁ የቀኑን ሂሳብ ሳይዘጋ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ የሚደረገው ተመላሽ ይባላል፣ እሱም ቀደም ብዬ ያነሳሁትን የተመን ልዩነት ይዞ ይመጣል።

ሱቁ ምርጫ ሳይሰጥ በራሱ ወደ ዶላር ለውጦ ቢሆን ኖሮ ለባንክዎ አቤቱታ ማቅረብ ይችሉ ነበር፤ በቪዛ የክርክር መለያዎች ውስጥ 12.3 የሚለው ቁጥር የተመደበው ለዚሁ፣ ትክክል ባልሆነ ገንዘብ ለተፈጸመ ክፍያ ነው። አቤቱታው ጊዜ የተወሰነለት ስለሆነ ደረሰኙን ይዞ ቶሎ መቅረብን ይጠይቃል። የእርስዎ ሁኔታ ግን ከዚህ ይለያል። ተጠይቀዋል፣ መርጠዋል፣ ደረሰኙም ይህንኑ ይመሰክራል። አልተጠየቅሁም ብሎ ማመልከት ሐሰት ከመሆኑም በላይ በደረሰኙ ውድቅ ይሆናል። ስለዚህ ለዚህኛው ሂሳብ ብለው ባንክዎ ዘንድ አይመላለሱ፤ 57 ዶላሩን በናሙናዎቹ የግዢ ወጪ ላይ ጨምረው ይያዙት።